ስቶማ፣ ሶማ፣ ቶሚ፦ በሳይንስ ስሞች ውስጥ «አፍ» የት ይገኛል?

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ‹ስቶማ በግሪክኛ አፍ ማለት ነው› ብዬ ካስተማርኩ በኋላ አንዲት ተማሪ ‹ታዲያ ሺስቶሶማ ስንት አፍ አለው?› ብላ ስለ ቢልሃርዝያ ትል ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። በዚያው ሰሞን አጎቴ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ታክሞ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሐኪሞቹ ሆዱ ላይ ‹ስቶማ› እንደ ሠሩለት ነገረን። ቤተሰቡ ግን ‹ስቶማክ› የሚባለው ጨጓራው ወደ ውጭ የወጣ መስሎት ተሸበረ። የቅጠሉ ስቶማታ፣ የሆዱ ስቶማ፣ ስቶማክና ሺስቶሶማ ሥራቸው አንድ ነው? ሁሉንም ‹አፍ› ብዬ ብተረጉም ስሕተት ይሆናል?»

ምላሽ፦ ከጠቀሷቸው አራት ቃላት ሦስቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። አራተኛው፣ ሺስቶሶማ፣ ከአፍ ጋር ዝምድና የለውም። ሁሉንም «አፍ» ብሎ መተርጎምም ስሕተት ነው፤ ለሺስቶሶማ ፈጽሞ ሐሰት ስለሚሆን፣ ለቀሩት ሦስቱ ደግሞ ስሙ የተሰጠበትን ምክንያት እንጂ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ ስለማይናገር ነው። ተማሪዋን ግራ ያጋባት የእርሷ ድክመት አይደለም፤ «ስቶማ አፍ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ድንበሩ ሳይነገር ብቻውን መሰጠቱ ነው።

ከሥሩ እንነሣ። የጥንት ግሪኮች «ስቶማ» ሲሉ የሰውንና የእንስሳን አፍ ብቻ ሳይሆን የዋሻን መግቢያ፣ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበትን ቦታና የሰይፍን ስለት ጭምር ይጠሩበት ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ቁጥር 24 አማርኛው «በሰይፍ ስለት» ያለውን የግሪኩ ንባብ ቃል በቃል «በሰይፍ አፍ» ይለዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ባዕድ አስተሳሰብ አይደለም። እኛም የማድጋ አፍ፣ የጉድጓድ አፍ፣ የዋሻ አፍ እንላለን፤ ጥይት የሚወጣበትን የጠመንጃ ጫፍ አፈሙዝ ብለነዋል፤ ስለ ንጉሥ የሚናገረውን ዳኛ አፈ ንጉሥ፣ ጉባኤ የሚመራውን አፈ ጉባኤ ብለን ሰይመናል። እንዲያውም ከዚህ የግሪክ ሥር የወጣ አንድ ስም በሰሜን ሸዋ ገጠር የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል። በ4ኛው መቶ ዘመን አንጾኪያ የተነሣውና በኋላ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ዮሐንስ በንግግሩ ጣፋጭነት «ክሪሶስቶሞስ» ተባለ፤ «ክሪሶስ» ወርቅ፣ «ስቶማ» አፍ ማለት ነው። የእኛ አባቶች ድምፁን ከመቅዳት ይልቅ ትርጉሙን ወስደው ዮሐንስ አፈ ወርቅ አሉት፤ በስሙ የሚጠራው ቅዳሴም ይታወቃል። ለተማሪዎችዎ ሥሩን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም፤ የቃሉ ሁለቱም ክፍሎች ትርጉም በእጃቸው ነው።

ስቶማክ የዚሁ ሥር ልጅ ቢሆንም በዕድሜው ብዙ ተሰድዷል። «ስቶማኮስ» በጥንታዊው ግሪክኛ በመጀመሪያ ጉሮሮን፣ ቀጥሎ የምግብ ቧንቧንና ቧንቧው ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበትን አፍ ያመለክት ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ የጨጓራው ስም ሆነ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ስለ ሆድህ» ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ ባለበት በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23 የግሪኩ ቃል ይኸው ስቶማኮስ ነው፤ ስለዚህ ጉዞው በዚያ ዘመን ተጠናቅቆ ነበር ማለት ነው። ሐኪሞች ግን የጨጓራን ሕመሞች ሲሰይሙ የሚይዙት ይህን ቃል ሳይሆን ሆድ የሚል ትርጉም ያለውን «ጋስተር» ነው፤ ጋስትራይቲስ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። የቤተሰብዎን ስጋት ያስነሣው እንግዲህ የሁለት ዘመዳሞች መመሳሰል ነው፦ ስቶማ ክፍተት ነው፤ ስቶማክ ጨጓራ ነው። አጎትዎ ሆድ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው እንጂ ሁለተኛው አይደለም።

በቅጠል ላይ ያለው ስቶማ በሁለት ጠባቂ ሕዋሳት መካከል የሚከፈትና የሚዘጋ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ጠባቂዎቹ ሕዋሳት ፖታሲየምን ተከትሎ ውኃ ሲገባባቸው ያብጡና ወደ ውጭ ይለጠጣሉ፣ ቀዳዳውም ይከፈታል፤ ውኃ ሲያጡ ይላላሉ፣ ቀዳዳውም ይገጥማል። ቅርጹ ከንፈር ይመስላልና ስሙ በዐይን ለሚያየው የተገባ ነው። ሆኖም ተክሉ በዚህ «አፍ» አይበላም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባበታል፣ ኦክስጅንና የውኃ ትነት ያስወጣበታል። «የቅጠል አፍ» ብለው ያስተማሩት ልጅ ተክል በቅጠሉ ምግብ ይጎርሳል ብሎ ቢጽፍ ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም። አብዛኞቹ ተክሎች ስቶማታቸውን ቀን ከፍተው ሌሊት ሲዘጉ፣ እንደ ቁልቋል በለስ ያሉ ድርቅ የለመዱ ተክሎች በተቃራኒው ሌሊት ይከፍታሉ። ለሞረትና ጅሩ የስንዴ ገበሬ ደግሞ ይህ ቀዳዳ የጠላት በር ነው። የግንድ ዋግን የሚያመጣው ፈንገስ ጤዛ ባረጠበው የስንዴ አካል ላይ በቅሎ ስቶማውን ፈልጎ ያገኛል፣ በላዩ ላይ ይቀመጥና በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ምሳሌ በክፍል ውስጥ ቢጠቀሙ ቃሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ ማሳ ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልምጣ። ሺስቶሶማ የሚከፈለው «ሺስቶስ» እና «ሶማ» ተብሎ ነው፤ የመጀመሪያው የተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው አካል ማለት ነው። ወንዱ ትል አካሉን ወደ ውስጥ አጥፎ ቀጭኗን ሴት በእጥፋቱ ውስጥ አቅፎ ስለሚኖር ከርዝመቱ የተሰነጠቀ ይመስላል። ስለ አፍ ከሆነ ያለው አንድ ብቻ ነው። የዚህ ትል ታሪክ ግን የተማሪዋን ጥያቄ ያከብረዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ አስከሬን ሲመረምር ትሉን ባገኘ ጊዜ የሰጠው ስም «ዲስቶመም ሄማቶቢየም» ነበር፤ «ዲ» ሁለት፣ «ስቶማ» አፍ፣ በደም ውስጥ የሚኖር ባለ ሁለት አፍ እንደማለት ነው። በትሉ ፊት በኩል ሁለት ክብ መምጠጫዎች ስለሚታዩ የዘመኑ ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ጠፍጣፋ ትሎች ሁሉ ባለ ሁለት አፍ ይሏቸው ነበር። ይሁን እንጂ አፍ ያለው የፊተኛው መምጠጫ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ትሉ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚጣበቅበት ነው። በ1858 ሺስቶሶማ የሚለው ስም ሲሰጠው ከ«አፍ» ወደ «አካል» ተሻገረ፤ በሽታው ግን እስከ ዛሬ በአግኚው ስም ቢልሃርዝያ ይባላል። ተማሪዋ ስለ አፉ ብዛት ስትጠይቅ የ19ኛው መቶ ዘመን ሳይንቲስቶች የተሳሳቱበትን ነጥብ ነክታለች፤ ይህን በጓደኞቿ ፊት ይንገሯት።

«ሶማ» ያለባቸው ሌሎች ስሞችም በዚሁ መንገድ መነበብ አለባቸው። ክሮሞሶም ቀለም የሚይዝ አካል ነው፤ በቆላ ከብቶች ላይ ገንዲን የሚያመጣው ትራይፓኖሶማ እንደ መሰርሰሪያ የተጠማዘዘ አካል ያለው ነው። በሁለቱም ውስጥ አፍ የለም።

አፍ በእርግጥ ያለባቸውን ስሞች ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የመንዝን በግ ሆድ ዕቃ መክፈት ይበቃዋል። ጥገኛ ትሎችን የሚያጠኑ ሰዎች ትልን ከትል ለመለየት አፉን መመልከት ስለሚያዘወትሩ በዚህ ሙያ የስቶማ ሥር እንደ አረም በዝቷል። በበግ አንጀት ግድግዳ ላይ ጠንካራ እባጮችን የሚፈጥረው ትል ኢሶፋጎስቶመም ይባላል፤ የምግብ ቧንቧንና አፍን ያጣመረ ስም ነው። በትንሹ አንጀት ተጣብቆ ደም የሚመጠው ቡኖስቶመም ከጉብታና ከአፍ የተሠራ ነው። በሰው አንጀት የሚኖረውን የመንጠቆ ትል አንጀሎ ዱቢኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1838 ሚላኖ ውስጥ ካገኘው በኋላ በ1843 አንኪሎስቶማ ብሎ ሰየመው፤ «አንኪሎስ» የታጠፈ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የትሉን ጠማማ አፍ ይገልጻል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፦ ስሙ አፍን ስለሚጠቅስ ትሉ በአፍ የሚገባ የሚመስላቸው አሉ፤ በዋናነት የሚገባው በባዶ እግር ቆዳ በኩል ነው። በበረት አካባቢ ከብት የሚነክሰው ዝንብ ስቶሞክሲስ ሲባል ደግሞ ስሙ እውነቱን ይናገራል፤ ሹል አፍ ማለት ነው፣ ላም በጅራቷ ስትከላከለው ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም።

ፓራምፊስቶመም ግን እንደ ዲስቶመም የቆየ ስሕተት ተሸክሟል። ሥጋ የሚበልቱ ሰዎች በከብትና በበግ ጨጓራ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የሚያገኟቸው፣ እንደ ፍሬ የደነደኑ ቀያይ ትሎች ናቸው። «አምፊ» በሁለቱም ወገን ማለት ሲሆን፣ ስሙ በሁለቱም ጫፍ አፍ እንዳለ ይናገራል፤ የኋለኛው ጫፍ ግን መጣበቂያ ብቻ ነው። የጉበት ትል የሚባለው ፋሲዮላም በአንድ ዘመን ዲስቶማ ይባል ነበር። ስም ከተሰጠ በኋላ ዕውቀቱ ቢታረምም ስሙ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ የቃል ሥር ማወቅ ሰያሚው ምን እንደታየው እንጂ በእንስሳው ውስጥ ያለውን አያስረዳም። የዚህ ትምህርት ትልቁ ወሰን ይህ ነው፤ በፈተና ላይ ስሙን ተርጉሞ መልስ የሚሰጥ ተማሪ አንዳንዴ ያገኛል፣ አንዳንዴም በልበ ሙሉነት ይሳሳታል።

ስለ ሰዋስው አንድ ነጥብ ልጨምር። ስቶማ ነጠላ ነው፣ ስቶማታ ብዙ ነው። «ስቶማታዎች» ማለት «መላእክቶች»፣ «መጻሕፍቶች» እንደማለት የበዛውን ዳግመኛ ማብዛት ነው፤ በግእዝ ቃላት ላይ ይህን የሚያርሙ መምህር በግሪኩም ላይ ሊያርሙት ይገባል። ቃሉ ሲረባ «ስቶማት» የሚለውን ቅርጽ ስለሚይዝ የአፍ ውስጥ መቆጣት ስቶማታይቲስ፣ የአፍ ሕክምና ስቶማቶሎጂ ይባላል። በዚህ አጋጣሚ፣ በአፍተግር የተያዘች ላም አፏ ቆስሎ ለሀጯ ሲዝረበረብ የሚታየው ስቶማታይቲስ ነው፤ የአፍ ቁስልን የሚገልጸው «አፍታ» የተባለ የግሪክ ቃልም በበሽታው ቫይረስ ስም ውስጥ ይገኛል። አፍታና የእኛ አፍ በድምፅ መመሳሰላቸው አጋጣሚ ነው፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ የቋንቋ ዝምድና መገንባት ከባድ ስሕተት ነው። «ኦራል» የሚለው ቃልም አፍን ይመለከታል፣ ምንጩ ግን ላቲን ነው።

ወደ አጎትዎ ጉዳይ ስመጣ ጥንቃቄው ይጨምራል፣ ምክንያቱም እዚህ አንድ ፊደል የሰው አካልን ይመለከታል። በቀዶ ሕክምና ስሞች መጨረሻ ላይ ሦስት ተመሳሳይ ቅጥያዎች ይመጣሉ። «ቶሚ» መቁረጥ ወይም መሰንጠቅ ነው፤ አናቶሚ የሚለው ስም ከዚህ ነው፣ ሊቆረጥ የማይችል ተብሎ የታሰበው አቶምም እንዲሁ። «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣት ነው። «ስቶሚ» ግን አፍ መክፈት ነው። ስለዚህ ኮሎቶሚ ትልቁን አንጀት ከፍቶ መስፋት፣ ኮሌክቶሚ ትልቁን አንጀት ወይም ከፊሉን ቆርጦ ማውጣት፣ ኮሎስቶሚ ደግሞ ትልቁን አንጀት ወደ ሆድ ቆዳ አምጥቶ ሰገራ የሚወጣበት ክፍተት መሥራት ነው። በችኮላ በተጻፈ የሕሙማን ወረቀት ላይ «ስ» የምትለው ፊደል ስትጎድል አይቻለሁ፤ ተቀባዩ ባለሙያ ሕመምተኛውን ገልጦ ባያይ ኖሮ መረጃው የተለየ ሰው ታሪክ ይሆን ነበር። በአየር ቧንቧ ላይ ትራኪዮቶሚና ትራኪዮስቶሚ የሚሉትን ብዙ ሐኪሞች እያቀያየሩ ይጠቀሙባቸዋል፤ በጥብቁ ሲነገር ግን የመጀመሪያው የመቁረጡ ሥራ፣ ሁለተኛው ተከፍቶ የሚቆየው ቀዳዳ ነው። «ኦስቶሚ» የሚባለው አጠራር ከእነዚህ ስሞች ጅራት ተቆርጦ የቀረ ነው፤ አጥንት ከሚለው «ኦስቲዮን» ጋር አያገናኙት።

ኮሎስቶሚ የሚሠራው በአንጀት መጠምዘዝ፣ በዕጢ፣ በጉዳት ወይም በሌላ ምክንያት ሰገራ በተለመደው መንገድ እንዲያልፍ ማድረግ በማይቻልበት ወይም በማይገባበት ጊዜ ነው። ለጊዜው የሚሠራና በኋላ የሚዘጋ አለ፣ ለዘለቄታው የሚቆይም አለ፤ የአጎትዎ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ያከመው ሐኪም እንጂ የቃሉ ትርጉም አይደለም። ጤነኛ ስቶማ ልክ እንደ ከንፈር ውስጠኛ ገጽ ቀይና እርጥብ ነው፤ ሲያጥቡት ጥቂት ደም ቢታይበት አያስደነግጥም። ሕመም የሚያሰማ ነርቭ ስለሌለው ሲጎዳ ሕመምተኛው ላያውቀው ይችላል፣ ስለዚህ በየቀኑ በዐይን መታየት አለበት። ወደ ጥቁር ወይም ወደ ጥቁር ሐምራዊ ከተለወጠ፣ የማይቆም ደም ከፈሰሰው፣ ወይም ሆድ እየተነፋና ማስመለስ እየመጣ ምንም ነገር መውጣት ካቆመ፣ የቤት መድኃኒት ሳይሞክሩ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሊወስዱት ይገባል። ከመንዝ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገ ይሻለዋል ብሎ ማደር አይገባም።

ክፍተቱ ሊዘጋ ሲችል ሐኪሙ የሚሠራው አናስቶሞሲስ የሚባለውን ነው፣ የሁለት አንጀት ጫፎችን አፍ ለአፍ ገጥሞ መስፋት። ይህ ቃል ረጅም ዕድሜ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ኤራሲስትራቶስ በሁለቱ ዓይነት የደም ሥሮች መካከል የተዘጉ ጥቃቅን አፎች እንዳሉና ሰው ሲቆስል እንደሚከፈቱ ያስተምር ነበር፤ ደም ወሳጆቹ አየር መሰል መንፈስ እንጂ ደም አይይዙም ብሎ ስላመነ ከቁስል የሚፈሰውን ደም የሚያስረዳበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። መደምደሚያው ስሕተት ነበር፤ ይሁንና መገናኛ እንዳለ ማሰቡ ትክክል ነበር። በ1661 ጣሊያናዊው ሐኪም ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ሲያይ መገናኛው በዐይን ታየ።

በመጨረሻ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ አንድ አቋራጭ ምክር ላፍርስ። «ስ፣ ቶ፣ ም ተከታትለው ከመጡ አፍ አለ» የሚል ሕግ አለ፤ ሺስቶሶማን ይለይልዎታል፣ ሬቲኖብላስቶማ ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል። ይህ የልጆች የዐይን ካንሰር ነው፤ «ብላስቶስ» ቡቃያ፣ «ኦማ» እባጭ ወይም ዕጢ ነው፣ በውስጡ አፍ የለም። ውኃ ያዘለ ዕጢ የሚባለው ሲስቶማም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ድምፅን መከተል አያዋጣም፤ ቃሉን ከመጨረሻው ጀምሮ መፍታት ያስፈልጋል፦ መጨረሻው ኦማ ነው ወይስ ሶማ፣ ስቶማ ነው ወይስ ቶሚ፣ ከተቆረጠ በኋላስ የቀረው ክፍል ራሱን ችሎ ትርጉም ይሰጣል ወይ? ብላስቶማን «ብላ» እና «ስቶማ» ብሎ የቆረጠ ተማሪ «ብላ» ምን እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ ስለማይኖረው ራሱን ያርማል።

የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። «አፍ» የሚለውን ስሙ ለምን እንደተሰጠ ለማስረዳት ይጠቀሙበት፣ የነገሩ መጠሪያ አድርገው ግን አያስተምሩት። በቅጠሉ ላይ ስቶማ የሚለውን ቃል ይያዙና «የቅጠል አየር ቀዳዳ» ብለው ያብራሩት፤ በትሎቹ ላይ ስሙን ከጻፉ በኋላ እውነተኛው አፍ የትኛው እንደሆነ በሥዕል ያሳዩ። ስቶማን ብቻውን አያስተምሩ፤ ሶማን፣ ቶሚንና ኦማን አጠገቡ አስቀምጠው በአንድ ክፍለ ጊዜ ያቅርቧቸው፣ ልዩነቱ የሚታየው ጎን ለጎን ሲቆሙ ነውና። ለቤተሰብዎ ደግሞ ስቶማ የሚለውን ቃል ጨርሶ ይተዉትና «ሐኪሞቹ በሆዱ ላይ የሰገራ መውጫ ከፈቱለት፤ ጨጓራው በቦታው አለ» ብለው ዛሬውኑ ይንገሯቸው።